ድሮኑ አየር ላይ ከሚቆም ገመገሙ ላይ ቢያርፍስ? የአደጋ ጊዜ ኔትወርክ ለሰሜን ሸዋ

የቆላው መምህር (ክሩን የከፈተ)
ሰኞ ማታ 2፡15

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ለወራት ጭንቅላቴ ውስጥ ሲመላለስ የነበረ ነገር ስላለ ነው ይህን ክር የምከፍተው።

ባለፈው ክረምት ነው። ከደብረ ሲና ቁልቁል ባለችው መንደራችን ሌሊቱን ሙሉ ዘነበ። ጠዋት ስንነሳ መንገዱ በናዳ ተዘግቷል። መብራት ማታውኑ ሄዷል። ስልክ እስከ ረፋድ ሠራ፤ ከዚያ እሱም ጠፋ። የጎረቤታችን ሚስት ምጥ ላይ ነበረች። ወንድሟ አምቡላንስ ሊጠራ ስልኩን ይዞ ሽቅብ ወጣ። አንድ መስመር ኔትወርክ ያገኘው ከሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ በኋላ ነው፣ ወደ ጣርማበር በሚወስደው ገመገም ላይ። እናትም ልጅም ተርፈዋል፤ ተመስገን። ግን ያቺን ጠዋት አልረሳትም። ወንድሟ እስኪመለስ ድረስ ደውሎ ይሁን አይሁን የምናውቅበት መንገድ አልነበረንም።

ኤሌክትሮኒክስ ነው የማስተምረው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ ድሮን ኔትወርክ የማገኘውን ሁሉ አነባለሁ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ታወር ሲጠፋ ትንሽ የኔትወርክ ሬዲዮ በድሮን ላይ ታስርና ከፍ ታደርገዋለህ። ከፍ ያለ አንቴና ሩቅ ያያል። በለጥ ያለ ሜዳ ላይ 100 ሜትር ከፍታ ያለው አንቴና እስከ 36 ኪሎሜትር ገደማ ድረስ አድማሱን ያያል።

ችግሩ ባትሪው ነው። አንድ የሥራ ድሮን ልውሰድ፤ ዲጄአይ ማትሪስ 300። ከነባትሪው 6.3 ኪሎ ይመዝናል። ሁለት ባትሪ አለው፤ እያንዳንዱ 274 ዋት-ሰዓት ይይዛል። ባዶውን ቢበዛ 55 ደቂቃ ይበራል። ብታካፍሉት በአማካይ ወደ 600 ዋት ይበላል። የምጭንበት ሬዲዮ ግን 10 ዋት ቢፈልግ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ያነበብኳቸው ብዙ ጽሑፎች የሬዲዮውን ጉልበት ስለ መቆጠብ ነው የሚያወሩት። እኔ ግን ሬዲዮውን ጨርሼ ባጠፋው የማተርፈው አንድ ደቂቃ አይሞላም! የሚበላው መልእክቱ አይደለም። የሚበላው አየር ላይ መንጠልጠሉ ነው።

የሌሊት አደጋ ደግሞ በ55 ደቂቃ አያልቅም። ታዲያ ምን ይሻላል? ድሮን የሚያውቅ፣ ሬዲዮ የሚያውቅ፣ አካባቢውን የሚያውቅ ሁሉ እባካችሁ ሐሳብ ስጡ።

ሒሳብ ወዳድ
ሰኞ ማታ 3፡02

መምህር፣ ጥሩ ክር ነው። ደብረ ብርሃን ተማሪ ነኝ። ያንተ ስሌት ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የሚያስደስትህ ግን አይመስለኝም።

55 ደቂቃው የተሰላው ለባሕር ጠለል ነው። ደብረ ብርሃን ወደ 2,800 ሜትር ከፍታ ላይ ናት። እዚህ አየሩ ስስ ነው፤ ከባሕር ጠለሉ ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ይሆናል። ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ሲሳሳ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ይበልጥ መልፋት አለበት። ባንድ ቦታ ለመንሳፈፍ የሚያስፈልገው ጉልበት የሚጨምረው አየሩ በሳሳበት መጠን ስኩዌር ሩት ነው። ስሠራው 15 በመቶ ገደማ ጭማሪ ይመጣል። 55ቱ ወደ 48 ወረደ ማለት ነው።

አሁን አንድ ኪሎ ጫንበት። ክብደት ሲጨምር ጉልበቱ እኩል አይጨምርም፤ ይበልጣል። 48ቱ ወደ 38 ይወርዳል። ለመመለሻ የሚሆን መጠባበቂያ ስትተው የሚቀርህ ከግማሽ ሰዓት ትንሽ ከፍ ያለ ነው። ብርድ አለ። ውርጭ ባለበት ጠዋት ባትሪው ራሱ አቅሙን ይቀንሳል። እኛ ጋ ባትሪ ከማስነሳት በፊት ጃኬት ውስጥ አቅፎ ማሞቅ የተለመደ ነው።

ለከፍታ ቦታ ተብሎ የተሠራ ፕሮፔለር አለ፤ ይረዳል። ሌላው የሚገርመው ነገር፣ ባለ አራት ፕሮፔለር ድሮን ባንድ ቦታ ቆሞ ከሚንሳፈፍ ይልቅ በመጠነኛ ፍጥነት ወደፊት ሲሄድ ያነሰ ጉልበት ይበላል። በሰከንድ 10 ሜትር አካባቢ ማለት ነው። ምክንያቱም ሲሄድ ያልተነካ አዲስ አየር እያገኘ ነው። ስለዚህ ባንድ ቦታ ከማቆም ቀስ እያለ ክብ እንዲዞር ማድረግ ትንሽ ያስተርፋል። ትንሽ ነው ግን። ግማሽ ሰዓትን ሌሊት አያደርገውም።

የናፍጣው ሹፌር
ሰኞ ማታ 3፡40

ሰላም። እኔ ድሮን አላውቅም። ለታወር ጄኔሬተር ናፍጣ ሳመላልስ ግን ብዙ ዓመት ሆኖኛል። አንድ ነገር ልናገር።

ሰው ኔትወርክ ሲጠፋ ታወሩ የተሰበረ ይመስለዋል። ብዙውን ጊዜ አልተሰበረም። ተርቦ ነው። መጀመሪያ መብራት ይሄዳል። ከዚያ ባትሪ ይይዘዋል፤ ለተወሰነ ሰዓት። ከዚያ ጄኔሬተር ይነሳል። ከዚያ ናፍጣው ያልቃል። በዚህ መሀል መንገዱ በናዳ ከተዘጋ እኔ ከነቦቴዬ ወዲህ ማዶ ቆሜ እቀራለሁ። ታወሩን በዓይኔ እያየሁት ማለት ነው። ያቺ ስሜት ከባድ ናት።

መምህር የጻፍከው በትክክል እንደዚያ ነው። ማታ መብራት ሄደ፤ ረፋድ ላይ ስልክ ጠፋ። በመሀል ያለው ሰዓት የባትሪና የናፍጣ ሰዓት ነው።

ስለዚህ ለድሮን ከሚወጣው ብር ለታወሩ ሶላርና ጥሩ ባትሪ ቢገባለትስ? ይህን የምለው ሐሳብህን ለማጣጣል አይደለም። መጀመሪያ ያለው እንዳይሞት ማድረግ ይቅደም ብዬ ነው።

የቆላው መምህር
ሰኞ ማታ 4፡05

ወንድሜ ልክ ነህ። «ታወሩን በዓይኔ እያየሁት» ያልካት ልቤን ነካችው። የታወር ሶላር የመጀመሪያው ሥራ መሆን አለበት፤ ያን የሚቃወም የለም። ግን የእኛ አቅም አይደለም። የታወሩ ባለቤት ውሳኔ ነው። እኔ የምፈልገው አንድ መንደር፣ አንድ ጤና ጣቢያ፣ አንድ ትምህርት ቤት በራሱ እጅ ሊያደርገው የሚችለውን ነው።

ከባሕር ማዶ
ማክሰኞ ጠዋት 12፡50

ቴሌኮም ውስጥ ነው የምሠራው። ሌላው ዓለም የሞከረውን ባጭሩ ልንገራችሁ።

እ.ኤ.አ. በ2017 ማሪያ የተባለችው አውሎ ነፋስ ፖርቶ ሪኮን ስትመታ ከሞባይል ታወሮቹ 95 በመቶ ያህሉ ጠፉ። ያኔ የአሜሪካው የስልክ ድርጅት ኤቲኤንድቲ በገመድ የታሰረ ትንሽ ሰው አልባ ሄሊኮፕተር አቆመ። 60 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። ኃይሉን የሚያገኘው ከመሬት በገመዱ በኩል ነው፤ ባትሪው አያልቅበትም። በጃፓኑ የኖቶ የመሬት መንቀጥቀጥም፣ ጥር 2024 እ.ኤ.አ.፣ ሶፍትባንክ የተባለው የስልክ ድርጅት በገመድ ኃይል የሚያገኝ ድሮን ተጠቅሟል። ቻይና ደግሞ በ2021 እ.ኤ.አ. ሄናን ክፍለ ሀገር በጎርፍ ስትጥለቀለቅ ዊንግ ሉንግ የሚባለውን ትልቁን ባለ ክንፍ አውሮፕላን ልካ ለ5 ሰዓት ያህል 50 ካሬ ኪሎሜትር ላይ ሲግናል ሰጠች።

የጉግል እናት ድርጅት ንብረት የነበረው ሉን የተባለው የኔትወርክ ፊኛ 20 ኪሎሜትር ከፍታ ላይ ይንሳፈፍ ነበር። በ2020 እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ አገልግሎት ጀመረ፤ በማግስቱ ዓመት ወጪው አላዋጣም ተብሎ ተዘጋ።

ከነዚህ ሁሉ የምንማረው ያው መምህሩ ያለው ነው። የተሳካላቸው ባትሪ ይዞ አየር ላይ የመንጠልጠልን ችግር በሆነ መንገድ የሸሹት ናቸው። ገመድ፣ ክንፍ ወይም ፊኛ ነው። ለእናንተ የሚቀርበው ገመዱ ይመስለኛል። ግን ገመድ ከታች ጄኔሬተር ይፈልጋል፤ ጄኔሬተር ናፍጣ ይፈልጋል። የናፍጣው ሹፌር ያለው ነገር ተመልሶ ይመጣል።

ጡረተኛው ኦፕሬተር
ማክሰኞ ጠዋት 3፡20

ልጆቼ፣ እንዴት አደራችሁ። ዕድሜዬን በሬዲዮ ኦፕሬተርነት ያሳለፍኩ ሰው ነኝ። ኮዳን የሚባለውን የአጭር ሞገድ ሬዲዮ ተሸክሜ ያልወጣሁት ዳገት የለም።

መጀመሪያ የረሳችሁትን ላስታውስ። በአጭር ሞገድ ሬዲዮ፣ ዝቅ ብሎ አግድም በተዘረጋ ሽቦ፣ ተራራውን ሳታይ ታወራለህ። ሞገዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣና ከላይኛው አየር ነጥሮ እንደ ዝናብ ይወርዳል። ሸለቆ ውስጥ ሆነህ 200፣ 300 ኪሎሜትር ዙሪያህን ያዳርሳል። አንድ የመኪና ባትሪ ይበቃዋል። አዲስ አበባ 5 ኪሎ የአማተር ሬዲዮ ጣቢያ አለ፤ መጠሪያው ኢቲ3ኤኤ ነው። ወጣቶች ሂዱና እዩት።

አሁን ወደ ድሮናችሁ። መምህር፣ ጽሑፍህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። መልሱን የዚያች እናት ወንድም ነግሮሃል እኮ። ልጁ ኔትወርክ ሲያጣ ምን አደረገ? ዛፍ ላይ አልወጣም። ጣራ ላይ አልቆመም። ወደ ገመገሙ ሄደ። ለምን? ከፍታው እዚያ ተሠርቶ ስለቆመ። እግዜር ከ3,000 ሜትር በላይ ያቆመውን ግድግዳ ትተህ አንተ 100 ሜትር ለመንጠልጠል 600 ዋት ታቃጥላለህ።

ድሮንህ ይብረር። ገመገሙ ላይ ይውጣ። ከዚያ ይረፍ! ሞተሩን ያጥፋ። ሬዲዮው ብቻ ይሥራ። ድሮ አባቶቻችን ከገመገም ገመገም ሲጣሩ ጮክ የሚለው ሰው ቦታ ይመርጥ ነበር፤ ዘሎ አይጮህም።

የቆላው መምህር
ማክሰኞ ቀትር 6፡30

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የክፍለ ጊዜ እረፍት ላይ ሆኜ ነው የምጽፈው፤ እጄ እየተንቀጠቀጠ ነው። ለወራት ከልጁ ታሪክ ጋር ኖሬ ይህን አላየሁትም።

ሠራሁት። ሁለቱ ባትሪዎች 548 ዋት-ሰዓት ናቸው። ወደ ገመገሙ ለመውጣት 10 ደቂቃ በ700 ዋት ብል 117 ይሄዳል። ለመመለስ 100 ልያዝ። 110 ደግሞ የማይነካ መጠባበቂያ። ከ200 በላይ ይተርፋል። 10 ዋት ለሚበላ ሬዲዮ 20 ሰዓት ማለት ነው! ግማሽ ሰዓት የነበረው ሌሊቱን ሙሉ ሆኖ እስከ ማግስቱ ከሰዓት ደረሰ። ያውም በዚያው ድሮን፣ በዚያው ባትሪ።

የእኛ አቀማመጥ ደግሞ ለዚህ የተፈጠረ ነው። ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ላይ ናት። ከጫፉ ላይ የቆመ ሰው ቆላውን እንደ ትሪ ነው የሚያየው። በአንኮበር በኩልም እንዲያው ነው። ደጋው ጫፍ ላይ ያረፈ ትንሽ አንቴና ቆላው ላይ 100 ሜትር ከፍ ብሎ ከተንጠለጠለ ድሮን በላይ ያያል።

ሒሳብ ወዳድ
ማክሰኞ ቀትር 7፡10

መምህር፣ ስሌቱ ትክክል ነው። ግን ከዚህም አልፈን እንሂድ። ድሮኑ ለምን ይቆያል? ሬዲዮዋን በሳጥን አድርጎ ጫፉ ላይ ያስቀምጥና ይመለስ። ያኔ የመመለሻ ባትሪ ሳጥኑ ላይ አይቆረስም። ድሮኑም ሌላ ሳጥን ይዞ ወደ ሌላ ገመገም ይሄዳል።

የስልክ ኔትወርክ ይሁን ካላልን ደግሞ ሎራ የሚባል ሬዲዮ አለ። ድምፅ አያስተላልፍም፤ አጭር ጽሑፍ ብቻ ነው። ሲልክ ከአንቴናው የሚወጣው ጉልበት ብዙውን ጊዜ የአንድ ዋት አንድ አስረኛ ቢሆን ነው። ሁለቱ አንቴናዎች ፊት ለፊት ከተያዩ ግን አሥር፣ ሃያ፣ ሠላሳ ኪሎሜትር ይደርሳል። አንድ ኪሎ ባትሪ 150 ዋት-ሰዓት ያህል ይይዛል። ማስተላለፊያዋ በአማካይ 0.3 ዋት ብትበላ 500 ሰዓት ይሆናል። 20 ቀን! የመጽሐፍ መጠን ያለው ሶላር ከጨመርንበት ክረምቱን ሙሉ ትኖራለች።

የጤና ኬላዋ
ማክሰኞ ማታ 1፡45

ሰላም ለሁላችሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያ ነኝ፣ አርማኒያ አካባቢ። ስሌቱን ሁሉ አልተከታተልኩትም። ግን ይህ ነገር እኔ ጋ ስለሚደርስ ጥቂት ልበል።

አንደኛ፣ እኔ በምሠራበት ቀበሌ ብዙው እናት የያዘችው ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ዋይፋይ አታውቅም። ስለዚህ ነገሩ ስማርት ስልክ የሚፈልግ ከሆነ ከምፈልጋቸው ሰዎች ጋር አያገናኘኝም። ጤና ኬላው ላይ የራሱ ሳጥን ያለው፣ ቁልፍ ተጭኜ የምልክበት ነገር ከሆነ ግን እችላለሁ።

ድምፅ ባይኖረውም አይከፋኝም። በጭንቅ ሰዓት የምልከው አጭር ነው። «ምጥ፣ ደም አለ፣ አንድ ሰው፣ ቃሬዛ ላይ ነች፣ በዚህ መንገድ ወጥተናል።» ይኼ በቂ ነው። ከዚህ የሚበልጥብኝ መልሱ ነው። ደርሷል ወይ? አምቡላንሱ ተነስቷል ወይ? የት እንገናኝ? ናዳ መንገድ ሲዘጋ አምቡላንሱ ከወዲያ ማዶ ይቆማል፤ እኛ በቃሬዛ ተሸክመን እናሻግራለን። የተለያየ ቦታ ከተጠባበቅን ሰዓቱ በከንቱ ይሄዳል። የሚገድለውም እሱ ነው።

እባካችሁ መልስ የማይመልስ ነገር አትሥሩልኝ።

የቆላው መምህር
ማክሰኞ ማታ 2፡00

እህቴ፣ ይህን በወረቀት ጽፌ ከጠረጴዛዬ በላይ ለጥፌዋለሁ። ሳጥኑ «ደርሷል» ካላለ አልተሠራም ማለት ነው። ሎራ ይህን ማድረግ ይችላል። ተቀባዩ ሲደርሰው ራሱ ማረጋገጫ ይመልሳል፤ ካልተመለሰ ላኪው ደግሞ ይልካል።

እናት ከኤፍራታ
ማክሰኞ ማታ 3፡30

ልጆቼ አትቆጡኝ። ሥራችሁ የተባረከ ነው። ግን ድሮን የሚለውን ቃል ስሰማ እኔ ሌላ ነገር ነው የሚመጣብኝ። እኛ ሰፈር ልጆች ያ የሚያንዛዝዝ ድምፅ ሲሰማቸው ጨዋታቸውን ጥለው ቤት ይገባሉ። ትልቁም ሰው ወደ ሰማይ እያየ ይቆማል። የእናንተ ለእርዳታ እንደሆነ ከታች ያለው ሰው በምን ያውቃል? በናዳ የተደናገጠ መንደር ላይ ሌላ ድንጋጤ እንዳትጨምሩ።

የቆላው መምህር
ማክሰኞ ማታ 4፡20

እናቴ፣ ምን ቁጣ አለ። ከሁሉ በላይ ይህን ማሰብ ነበረብኝ። ፈርቼ ሳልጽፈው የቀረሁት ነገር ነው።

ሁለት ነገር ልበል። ሕጉ ራሱ ማንም ተነስቶ ድሮን እንዲያበር አይፈቅድም። የሲቪል አቪዬሽንም የኢንሳም ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ሬዲዮው ደግሞ የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ፈቃድ። ያለ ፈቃድ አንድ ሜትር አላነሳም። ተማሪዎቼንም በዚህ አላስገባም።

ሁለተኛው ፍርሃቱ ነው። ፈቃድ ፍርሃትን አያጠፋም። ስለዚህ ማታ እያሰብኩ ነበር። ሳጥኑ በአደጋው ቀን ለምን ይወጣል? ከክረምቱ በፊት፣ በግንቦት፣ በጠራ ቀን፣ ሰው ሁሉ እያየ ለምን አይወጣም?

የመንዝ ልጅ
ረቡዕ ጠዋት 2፡10

ከመሐል ሜዳ ሰላም! ትናንት ማታ አንብቤ ሳልጽፍ ተኛሁ፤ ዛሬ ግን ዝም ማለት አልቻልኩም።

መምህር፣ በግንቦት በጠራ ቀን ከወጣ ድሮኑ ለምን አስፈለገ? በበቅሎ ይወጣል። ሳጥኑም፣ ሶላሩም፣ ምሰሶውም። ኪሎ መቁጠር አያስፈልግም። አንድ ኪሎ ያላችሁት ባትሪ አሥር ኪሎ ይሁን። የእናት ከኤፍራታም ጭንቀት ይቀላል፤ በቅሎ የሚፈራ መንደር የለም። ድሮኑ ሳጥኑ ሲበላሽ ወይም ናዳው መውጫውን ሲቆርጠው ብቻ ተጠባባቂ ይሁን።

ጉሙን ግን እንዳትረሱት። የጣርማበርን ጉም የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ሾፌር በቀን መብራት አብርቶ የሚነዳበት ነው። ክረምት ላይ ቀኑን ሙሉ ሊቆይ ይችላል። ድሮን በዚያ ውስጥ አያይም፤ ፕሮፔለሩም ይረጥባል። ሬዲዮው ግን ጉም አይከለክለውም። ይህ ራሱ ሳጥኑ ቀድሞ ይቀመጥ ያሰኛል።

ከዚያ መብረቅ። የገመገም ጫፍ ላይ ብረት ስታቆም መብረቅ ትጠራለህ። ከጫፉ ትንሽ ወረድ ብሎ ወደ ቆላው ባለው ገጽ ላይ አድርጉት። ቆላውን እስካየ ድረስ ጫፉ ላይ መሆን የለበትም።

አንድ የኛን አገር ጉዳይ ደግሞ ልጨምር። እኛ ጋ ጓሳ አካባቢ ጭላዳ በመንጋ ነው የሚውለው። የሚንጠለጠል ሽቦ ካየ ይጎትታል። ሽቦውን በቱቦ ውስጥ አሳልፉት፤ ሳጥኑንም በድንጋይ ካብ ክበቡት። ካብ ማካብ ደግሞ እረኛው ሁሉ ይችላል። እረኛውን ከመጀመሪያው አስገቡት። ጠባቂያችሁ እሱ ነው።

ጡረተኛው ኦፕሬተር
ረቡዕ ጠዋት 3፡00

የመንዝ ልጅ፣ ተባረክ። ስለ መብረቁ ያልከውን ሁሉም ያስምርበት። እኔ በመብረቅ ሬዲዮ ተቃጥሎብኝ ያውቃል።

ከባሕር ማዶ
ረቡዕ ቀትር 8፡15

ክሩ ከድሮን ተነስቶ በቅሎ ላይ ሲደርስ ማየት ደስ ይላል፤ ከልቤ ነው። ግን ድሮኑን ጨርሳችሁ አትጣሉት። በሰሜን ሸዋ የሚመጣው አደጋ ናዳ ብቻ አይደለም። በግንቦት 1953 ዓ.ም. የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ ማጀቴን እንዳልነበረች አድርጓታል፤ የደሴንም መንገድ አበላሽቷል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር ከፈንታሌ በኩል የተነሳው መንቀጥቀጥም ገና ከሰው አእምሮ አልጠፋም። የመሬት መንቀጥቀጥ የት እንደሚመታ አይታወቅም። የተተከለውን ሳጥን ከነካቡ ሊያፈርሰው ይችላል። ያኔ በአሥር ደቂቃ ውስጥ አዲስ ሳጥን ሌላ አምባ ላይ የሚያስቀምጥ ነገር ያስፈልጋል። የጀማንና የወንጭትን ሸለቆ አስቡት። ወዲያ ማዶ ያለው አምባ በዓይን ቅርብ ነው፤ በእግር ግን ወርዶ መውጣቱ ቀን ይፈጃል። ድሮን ያንን በደቂቃዎች ይሻገራል። ድሮን የሚያዋጣው እዚያ ነው። ይሸከም፣ ያስቀምጥ፣ ይመለስ። አይንጠልጠል።

የይዛባ ወይን ልጅ
ረቡዕ ማታ 1፡30

በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ መሬታችን ሲንሸራተት ልጅ ነበርኩ። ቤቱም እርሻውም አብሮ ነው የሄደው። የማስታውሰው ጩኸቱን ነው። ከወዲያኛው ጎጥ ሰው ተርፎ ይሁን አይሁን ለማወቅ ሰዉ ገመገም ላይ ወጥቶ ስም እየጠራ ይጮህ ነበር። መልስ እስኪመጣ ሁሉም ዝም ይላል።

መሬቱ ሊሄድ ሲል አስቀድሞ ይሰነጠቃል። ሳጥኑ መልእክት ማስተላለፍ ከቻለ የመሬት ስንጥቅ የሚለካ ነገርም ቢያያዝበት መልካም ነው። ሒሳብ ወዳድ፣ ይቻላል?

ሒሳብ ወዳድ
ረቡዕ ማታ 1፡50

ይቻላል ወንድሜ። በስንጥቁ ሁለት ዳር ሁለት ችንካር ተክሎ በመሀላቸው የተወጠረ ሽቦ መለካት ነው። ሽቦው ሲረዝም በሎራው መልእክት ይልካል። የሚበላው ኃይል ኢምንት ነው፤ በቀን ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው የሚነቃው። ይህን የመመረቂያ ሥራዬ ላደርገው አስባለሁ። ፈቃድህ ከሆነ ቦታውን ታሳየኛለህ።

የይዛባ ወይን ልጅ
ረቡዕ ማታ 1፡55

አሳይሃለሁ። በፈለግህበት ቀን።

የቆላው መምህር
ሐሙስ ማታ 2፡40

ዛሬ ከትምህርት ቤታችን ሰዎች ጋር ተነጋገርኩ። የፈቃዱን ማመልከቻ ጀምረናል። ጊዜ ይወስዳል። እስከዚያ ግን ያለ ፈቃድ የሚሠራ አንድ ሥራ አለ። የትኛው ቦታ የትኛውን ጤና ኬላ እንደሚያይ ማወቅ። ካርታ ላይ ሠርቼዋለሁ፤ ካርታ ግን ባሕር ዛፍ አያሳይም።

ስለዚህ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ የፊት መስታወት ይዤ ገመገሙ ላይ እወጣለሁ። የዚያች እናት ወንድምም አብሮኝ ይወጣል፤ ኔትወርክ ያገኘባትን ድንጋይ የሚያውቃት እሱ ነው። ጠዋት ፀሐይ ከቆላው በኩል ስለሆነች ወደ እናንተ ማንጸባረቅ ይቻላል። ብርሃን ካገናኘን ሬዲዮም ያገናኘናል።

የጤና ኬላዋ፣ ካስቸገርኩሽ ይቅርታ። ከ3 እስከ 3፡30 ባለው ወደ ምዕራብ፣ ወደ ገመገሙ እያየሽ ትቆሚልኛለሽ? ሦስት ጊዜ፣ ከዚያ ትንሽ ቆይቼ እንደገና ሦስት ጊዜ አንጸባርቃለሁ። ሸዋ ሮቢት ያላችሁም ሞክሩ።

የጤና ኬላዋ
ሐሙስ ማታ 3፡05

እቆማለሁ። ቅዳሜ የክትባት ቀን ስለሆነ እናቶቹም አብረውኝ ያያሉ።

የጤና ኬላዋ
ቅዳሜ ረፋድ 4፡10

መምህር፣ 3፡18 ላይ አየሁት። ሦስት ጊዜ ብልጭ አለ፣ ከዚያ ደግሞ ሦስት። እናቶቹ እልል አሉ። ከጤና ኬላው በር ላይ ቆሜ ነው። ከጓሮ በኩል ስሞክር አልታየኝም፤ ባሕር ዛፉ ከልሎታል። ሳጥኑን ከበሩ በላይ ስቀሉልኝ።